ዘይት ያፈሳል፣ ግን አይጎድልም

«ጋሼ፣ እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። የምሠራው አርሲ፣ ከበቆጂ ወጣ ብሎ ገጠር ውስጥ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ያማሃ ኤጂ 200 ሞተር ሳይክል በጨረታ ገዛሁ። አሁን ጠዋት ጠዋት ከሥሩ ዘይት ተጠራቅሞ አገኛለሁ። አንዱ ጋራዥ የቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረት መሀል የሚገባውን ማሸጊያ) ቀየረ። ሌላው በማርሽ በኩል ያለውን ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት) ቀየረ። ሁለቱም ሳምንት አልቆዩም። አሁን ደግሞ ‹ሞተሩ ይውረድና ይከፈት› እያሉኝ ነው። የሚገርመኝ፣ ይህን ያህል እያፈሰሰ ዘይቱ አይጎድልም። እንዲያውም ከላይኛው ምልክት አልፏል። የፊት አሞርዛተሩም (ንዝረት የሚያበርደው) በቀኝ በኩል ዘይት ያወጣል። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልለምንህ። ይህን አንብበህ እስክትጨርስ ሞተሩን አታስነሳው። ለማስከፈትም አትቸኩል።

መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። የሚያፈስ ሞተር ዘይቱ ይጎድላል። እያፈሰሰ ከፍ ካለ፣ የሆነ ነገር እየተጨመረበት ነው ማለት ነው። ምን ሊጨመርበት ይችላል? ኤጂ 200 በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ነው፣ የራዲያተር ውሃ የለውም። የፊቱም የኋላውም ፍሬን ታምቡር ነው፣ የፍሬን ዘይት የለውም። ወንዝ ስትሻገር ውሃ ገብቶበት ቢሆን ደግሞ ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ታገኘው ነበር። የሚቀረው ቤንዚን ነው።

አሁኑኑ አረጋግጥ። የዘይቱን መሙያ ክዳን ክፈትና አሽትት። ከዚያ ጠብታ ዘይት በሁለት ጣትህ መሀል እሸው። ጤነኛ ዘይት ያሟልጫል፣ ጣቶችህን ስትለያያቸውም ትንሽ ይሳባል። ቤንዚን የገባበት ግን ውሃ ውሃ ይላል፣ ቆዳህ ላይም ቀዝቀዝ ይላል፤ ቤንዚኑ እየተነነ ስለሆነ ነው። ይህን ስታደርግ ሲጋራም ሆነ የቡና ከሰል አጠገብህ አይኑር።

ቤንዚኑ በየት ገባ? ታንከሩ ከካርቡራተሩ በላይ ነው። መዝጊያው ክፍት ሆኖ ካደረ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ሲወርድ ያድራል። ይህን የሚያቆመው ካርቡራተሩ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ መርፌ ናት። የካርቡራተሩ የቤንዚን ጽዋ ሲሞላ ውስጡ ያለው ተንሳፋፊ ከፍ ይልና መርፌዋን ገፍቶ መንገዱን ይዘጋል። መርፌዋ ከተበላች ወይም ቆሻሻ ከያዘች አትዘጋም። የዚያን ጊዜ ትርፉ ከጽዋው ሥር በምትወጣው ቀጭን ቱቦ መሬት ላይ መፍሰስ ነበረበት። ያንተ ሞተር በበቆጂ ጭቃ ነው የሚውለው። የቱቦዋን ጫፍ ተመልከት፣ ተደፍና እንደምታገኛት እገምታለሁ። ቱቦዋ ከተደፈነች ቤንዚኑ መውጫ ሲያጣ በማስገቢያው በኩል ሲሊንደር ውስጥ ይገባል፣ በፋሻው (በፒስተኑ ቀለበት) ጠርዝ አልፎም ዘይቱ ላይ ይወርዳል።

የቀጠነ ዘይት ደግሞ ጤነኛውን ፓራኦሊዮ ሳይቀር ያልፋል። ከፍታው ሲጨምር ከዘይት በላይ መሆን የነበረባቸው ቦታዎችም ይዋጣሉ። ጋራዦቹ የቀየሩት ሳምንት ያልቆየው ለዚህ ነው። እርጥብ ያዩበትን ቀየሩ፣ የሚያረጥበውን አልጠየቁም።

አታስነሳው ያልኩህም ለዚሁ ነው። እንዲህ የቀጠነ ዘይት የክራንኩን ኩሽኔታም የቴስታታውን ካምሻፍትም አይጠብቅም። ከዚህ የባሰም አለ። ሲሊንደሩ ውስጥ ቤንዚን ሞልቶ ባለበት ስታርተር ብትሰጠው ፈሳሽ አይታመቅምና ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያገናኘው ቢየላ ሊጣመም ይችላል። ስለዚህ ካንዴላውን (እሳት የሚሰጠውን) ፍታ። የካንዴላውን ገመድ ከሞተሩ አርቀው፣ ከዚያ መርገጫውን ቀስ ብለህ ሁለት ሦስት ጊዜ ግፋ። ቤንዚን ካለ በካንዴላው ቀዳዳ ይተፋዋል። ፊትህን አርቅ፣ ደጅ ላይም አድርገው።

ዘይቱንም ሳታሞቀው እንደቀዘቀዘ አፍስሰው። ዘይት ስትቀይር ሞቅ አድርግ የሚለው ምክር ለሌላ ቀን ነው። የወጣውን ዘይት መልሰህ አትጠቀምበት።

አሁን ካርቡራተሩን አውርድ። የጽዋውን ብሎኖች በልካቸው ካቻቢቴ ፍታ፣ ጭንቅላታቸው ቶሎ ይበላል። የተንሳፋፊውን ፒን ስታወጣ መርፌዋ አብራ ትመጣለች። ጫፏን ወደ ብርሃን አዙረህ እያት። ጫፏ ዙሪያ ቀለበት የመሰለ መስመር ካለ፣ ጥፍርህን ስታስኬድበትም ከያዘህ፣ አልቃለች። በአዲስ ቀይራት፣ መቀመጫዋንም በቤንዚን በተነከረ ጥጥ ጥረገው። በሽቦ አትፈርፍረው። ተንሳፋፊው ውስጡ ክፍት የሆነ ዓይነት ከሆነ ጆሮህ አጠገብ ነቅንቀው። ውስጡ ፈሳሽ ከተንቀጫቀጨ ቀዳዳ አለው፣ መቀየር ነው።

ከመግጠምህ በፊት አንድ ሙከራ አድርግ። ካርቡራተሩን ገልብጠህ ያዘው። የተንሳፋፊው ክብደት መርፌዋን ይዘጋታል። አዲስ ንጹሕ ቱቦ በቤንዚን መግቢያው ላይ ሰካና በአፍህ ንፋ። አየር ጨርሶ ማለፍ የለበትም። ቀጥ አድርገህ ስትይዘው ደግሞ ማለፍ አለበት። ይህ ሙከራ ከብዙ ግምት ያድንሃል።

በገጠር ብዙ ጊዜ ቤንዚን የሚቀዳው ከጀሪካን ነው፣ ጀሪካኑ ደግሞ አሸዋ አያጣም። አዲሷ መርፌ እንዳትበላሽብህ ቤንዚኑን በንጹሕ ጨርቅ አጥልል፣ ቱቦው ላይም ትንሽ ፊልትሮ አስገባ። የጽዋውን ማፍሰሻ ቱቦ በየሳምንቱ እያት። ማታ ማታም ቤንዚኑን ዝጋ። ይህቺ ልማድ ብቻዋን ብዙ ሞተር አትርፋለች።

አዲስ ዘይት እስከ ምልክቱ ሙላ፣ ከዚያ አይለፍ። ዕቃው ላይ ጃሶ ኤም ኤ (JASO MA) የሚል የሞተር ሳይክል ዘይት ይሁን። ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) ዘይቱ ውስጥ ነው የሚሠራው፣ አንዳንዱ የመኪና ዘይት እንዲንሸራተት ያደርገዋል። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነድተህ እንደገና ቀይረው። የቀረ ቤንዚን አብሮ ይወጣል።

ከዚህ በኋላም ሊያፈስ ይችላል። ሞተሩ አርጅቷል፣ ብዙም ሠርቷል። ግን አሁን የምታየው እውነተኛው ማፍሰስ ነው። እንዲህ ፈልገው። ሞተሩን በነጭ ጋዝና በብሩሽ እጠብ፣ በደንብ አድርቅ። ከዚያ የሕፃን ፓውደር በላዩ ላይ ነፋ ነፋ አድርግበት። አምስት ኪሎ ሜትር ንዳና ቆመህ በባትሪ ብርሃን ተመልከት። ዘይት ሁልጊዜ ወደ ታች ይወርዳል፣ ስትነዳም ንፋሱ ወደ ኋላ ይወስደዋል። ስለዚህ ከፍ ያለችውንና ወደ ፊት የቀረበችውን እርጥብ ቦታ ፈልግ። ምንጩ እዚያ ነው። ነጩ ፓውደር ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ ሲወርድ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

መጀመሪያ ቴስታታው ላይ ያሉትን የቫልቭ ማስተካከያ ክዳኖች እይ። ኦሪንጋቸው በሙቀት ይደርቃል፣ ከዚያ ዘይቱ በሲሊንደሩ ክንፎች ወርዶ የጓርኒሲዮን ችግር ይመስላል። ከፓራኦሊዮ በፊት ደግሞ የሞተሩን መተንፈሻ ቱቦ ንቀል። አንድ ደንበኛዬ ፓራኦሊዮ ሁለት ጊዜ አስቀይሮ ነው ወደ እኔ የመጣው። ቱቦውን ስነቅለው ጫፉ እንደ ሸክላ በደረቀ ጭቃ ተደፍኗል፤ ተርብ ቤቷን ሠርታበታለች። መተንፈሻ ያጣ ሞተር ግፊቱን በደከመ ቦታ ሁሉ ይገፋል። ቱቦውን በሽቦ አጸዳሁት፣ ማፍሰሱም ቆመ። ከቱቦው የሚወጣው ጭስ የማያቋርጥ ከሆነና ማርሚታውም (የጭስ ማውጫው) ሰማያዊ ካጨሰ ግን ፋሻው አልቋል፤ ያኔ መክፈቱ ልክ ነው።

ፓራኦሊዮ መቀየር ካለበትም የማርሹ ዘንግና የካቴናው ጥርስ ያለበት ዘንግ ፓራኦሊዮ ሞተሩ ሳይሰነጠቅ ከውጭ ይወጣል። አሮጌውን አትጣለው። ፊቱ ላይ እንደ 12፣ 22፣ 5 ያሉ ሦስት ቁጥሮች አሉ፦ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት በሚሊ ሜትር። አዲስ አበባ፣ መለዋወጫ ለመግዛት ሱማሌ ተራ ለሚሄድ ሰው እነሱን ጽፈህ ላክ፣ የሞተሩን ስም ብቻ አትላክ። አዲሱን ከመግጠምህ በፊት ከንፈሩን ዘይት ቀባው፤ ደረቅ ከገባ በመጀመሪያው ዙር ሊቀደድ ይችላል። ሲሊኮን እየተጠቀጠቀበት የመጣ ሞተር ብዙ አይቻለሁ። ወደ ውጭ የወጣው ያስቀይማል፣ ወደ ውስጥ የገባው ግን የዘይት መንገድ ይዘጋል። እባክህ በወረቀት ጓርኒሲዮን ቦታ ሲሊኮን እንዲያደርጉልህ አትፍቀድ።

የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ብቻ ከሆነ የሚያልበው፣ ከሥሩ ያለውን ቀለበት፣ ሮንዴላውን፣ ቀይር። የመዳብ ከሆነ እሳት ላይ እስኪቀላ አሙቀህ ውሃ ውስጥ ክተተው፣ ይለሰልሳል፣ እንደገናም ይይዛል። በረጅም ቁልፍ አታጥብቀው፤ ታችኛው አካል አሉሚኒየም ነው፣ ጥርሱ ይላጣል።

አሞርዛተሩን በተመለከተ፣ ወዲያው ፓራኦሊዮ አትግዛ። ብዙ ጊዜ ከከንፈሩ ሥር አሸዋ ገብቶ ነው የሚያፈሰው። የላይኛውን የአቧራ ጎማ ቀስ ብለህ አንሳ። ከራጅ ፊልም ወይም ከሃይላንድ ላስቲክ ቀጭን ቁራጭ ቁረጥ፣ ጫፉን እንደ መንጠቆ አድርገው። በቱቦውና በፓራኦሊዮው መሀል አስገብተህ ዙሪያውን አዙረው፤ ጥቁር ዘይትና አሸዋ ይዞልህ ይወጣል። ጥረገው፣ የፊት ፍሬኑን ይዘህ አሥር ጊዜ ያህል ተጫነው። የዘይት ቀለበት ካልተመለሰ ተፈታ።

ከተመለሰ ቱቦውን በጥፍርህ ዳስስ። ዝገት የበላው ጉድጓድ ካለ አዲስ ፓራኦሊዮ በቅርቡ ይበላል። ትንሽ ሸካራ ብቻ ከሆነ 1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በዘይት ነክረህ አለስልሰው። ጥልቅ ከሆነ ቱቦው ራሱ መቀየር አለበት። ፓራኦሊዮ ስትቀይር የሁለቱንም ጎን ቀይር፣ ለአሞርዛተር የተሠራ 10 ቁጥር ዘይት ለሁለቱም እኩል ሙላ። የወረደው ዘይት ታምቡሩ ውስጥ ገብቶ እንደሆነም ክፈትና እይ። የፍሬኑ ሸራ ዘይት ከጠጣ ቀይረው እንጂ አጥበህ አትመልሰው። በዚያ ቁልቁለት የፊት ፍሬን ያስፈልግሃል።

የዘይቱን ከፍታ ለአንድ ሳምንት በየጠዋቱ ሞተሩን ቀጥ አድርገህ እየለካህ ጻፈው። ቤንዚኑን ዘግተህ እያደርክም ከጨመረ መዝጊያው ራሱ ያስተላልፋል ማለት ነው፤ ያኔ ቁጥሮቹን ይዘህ ጻፍልኝ።