ያ ባለ ፈረሱ ሰውዬ የእውነት ነበር ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ የምኖረው ደሴ ቧንቧ ውሃ ነው። ከኮምቦልቻ የመጣው የአክስቴ ልጅ በፍላሽ ይዞልን መጥቶ «ሮዝውድ» የሚለውን ፊልም ቤተሰብ ሆነን አየነው፣ እናቴማ ግማሹ ላይ ይሄን ነገር አጥፉልኝ ብላ ተነስታ ሄደች። እሱ ሁሉም የእውነት ታሪክ ነው ይላል፣ እኔ ደሞ ያ በፈረስ የመጣው ጀግና ለፊልሙ የተፈጠረ ነው የሚመስለኝ። ማንኛችን ነን ልክ? መንግስትስ ካሳ ከፍሏቸዋል?

መልስ፦ እህቴ፣ በባለ ፈረሱ ረትተሽዋል። ቪንግ ሬምስ የሚጫወተው ሰውዬ የፊልም ሰሪዎቹ ፈጠራ ነው፣ በኔ አስተያየት የፊልሙ ደካማ ጎንም እሱ ነው፣ ተኩስና ግልቢያ ሲበዛ ካውቦይ የምናይ ይመስላል።

ሌላው ግን በአብዛኛው የሆነ ነገር ነው። ሮዝውድ ፍሎሪዳ ውስጥ ያለች የጥቁሮች መንደር ነበረች፣ እና በፈረንጆቹ 1923 አዲስ ዓመት ዕለት ጎረቤቷ ሰምነር ላይ አንዲት ባለትዳር ነጭ ሴት ጥቁር ሰው ደበደበኝ አለች (የሮዝውድ ሰዎች ግን የመታት ነጭ ውሽማዋ ነው ነው የሚሉት)፣ ከዛ ታጥቆ የወጣው መንጋ መጀመሪያ ሳም ካርተር የሚባል አንጥረኛ አሰቃይቶ ገደለ፣ ቀጥሎ ቤት ለቤት ሄደ። የቀሩትን ቤቶች ያቃጠሉት ጃንዋሪ 7 ነው፣ በኛ አቆጣጠር የ1915 ገና ዕለት ማለት ነው። በመንግስት የተመዘገበው ሟች 6 ጥቁርና 2 ነጭ ነው፣ የተረፉት ሰዎች ግን የሞተው ከዛ በላይ ነው ይላሉ። ጁሪ (ክስ ይመስረት አይመስረት የሚወስን የዜጎች ቡድን) ተሰብስቦ ነበር፣ ማስረጃ የለም ብሎ ዘጋው፣ አንድም ሰው አልተከሰሰም።

ፊልሙ ላይ ሰዎች በባቡር የሚያመልጡበት ክፍል ግን የእውነት ነው፣ እዚህ ላይ የአክስትሽ ልጅ ልክ ነው፣ ሁለት ነጭ ወንድማማቾች ሴቶችና ህጻናት በባቡር ጭነው አውጥተዋል፣ ወንዶቹን ግን መንጋውን ፈርተው አልጫኑም። ከዛ በፊት ልጆቹ በሌሊት ልብሳቸው ረግረግ ውስጥ ተደብቀው ነው የከረሙት፣ ፍሎሪዳ ሁሌ ሙቀት ይመስለናል እንጂ ያን ሰሞን ብርዱ ያንቀጠቅጥ ነበር። እኔን የያዘኝ ይሄኛው ክፍል ነው፣ እናትሽም ተነስተው ቢሄዱ አይፈረድባቸውም።

የተረፉት ደግሞ ለገዛ ልጆቻቸው እንኳን ሳይናገሩ ነው ያረጁት። 1982 ላይ ጋሪ ሙር የሚባል ጋዜጠኛ ጽፎ ነው ነገሩ እንደገና አደባባይ የወጣው፣ ከዛ የካሳው ክርክር ብዙ ዓመት ፈጀ።

ካሳው ተከፍሏል፣ ፊልሙ ከመውጣቱ 3 ዓመት በፊት ማለት ነው፣ 1994 ላይ የፍሎሪዳ ምክር ቤት ወደ 2.1 ሚሊዮን ዶላር አጽድቆ በህይወት ለተገኙት ጥቂት ሰዎች ለእያንዳንዳቸው እስከ 150,000 ዶላር ተሰጣቸው፣ ያኔ ሁሉም ሽማግሌና አሮጊት ሆነዋል። ለዘሮቻቸው ደግሞ የኮሌጅ ስኮላርሺፕ ተፈቀደ፣ የልጅ ልጆቻቸው እየተማሩበት ነው።