የተቆረጠ ቡሎን፣ እምቢ ያለ ዳዶ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ አንባቢዎች የተሰጠ መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ አልፈታ ስላለ ዳዶና ቀዳዳው ውስጥ ተቆርጦ ስለቀረ ቡሎን ናቸው። ዳዶ እምቢ የሚልበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ዝጎ ሊሆን ይችላል፣ ከልክ በላይ ጠብቆ ሊሆን ይችላል፣ ሙቀት አጣብቆት ወይም እኛው ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ እያዞርነው ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ሳይለይ ቁልፉ ላይ ቱቦ መሰካት የአሥር ደቂቃውን ሥራ የሁለት ቀን ያደርገዋል።

«ኢሱዙ ኤንፒአር እነዳለሁ። የግራ የኋላ ጎማ ልንቀይር ስንል ዳዶዎቹ እምቢ አሉን። በረዥም ቱቦ ታግለን ሁለት ቡሎን ቆረጥን። የቀኙ ጎማ ግን ያለ ችግር ይፈታል። ምክንያቱ ምንድን ነው?» (ሹፌር፣ ኮምቦልቻ)

ቡሎኖቹ የተቆረጡት እየፈታችሁ ሳይሆን እያጠበቃችሁ ነው። በብዙ የጃፓን የጭነት መኪኖች ላይ፣ በተለይ በቆዩት ኤንፒአሮች፣ የግራ ጎማ ቡሎኖች ጥርሳቸው ግራ ነው፤ የሚፈቱት ወደ ቀኝ ሲዞሩ ነው። የቡሎኑን ጫፍ በሽቦ ብሩሽ ጠርገው ይዩ። «ኤል» የሚለው የላቲን ፊደል ከተመታበት ጥርሱ የግራ ነው፣ «አር» ከሆነ የተለመደው የቀኝ ነው።

የኋላው ጎማ ድርብ ስለሆነ ሌላም ነገር አለ። የውጭው ዳዶ በቁልፍ መጠን ባለ 41 ሲሆን የውጭውን ጎማ ይይዛል። ከሥሩ ያለው ባለ 21 አራት ማዕዘን ራስ ደግሞ የውስጡን ጎማ ይይዛል። ሲፈታ መጀመሪያ ውጭው፣ ቀጥሎ ውስጡ ነው። ሲጠብቅ ደግሞ ውስጡ በደንብ ሳይጠብቅ ውጭውን ማጥበቅ ዋጋ የለውም፤ ውስጡ እንደላላ ይቀርና ቡሎን ይቆርጣል። የተቆረጡትን ሁለቱን ብቻ ቀይረው አይለፉ። በዚያው ቱቦ የታገላችኋቸው ሌሎቹም ተለጥጠዋልና አብረው ይቀየሩ።

«ጋራዥ እየተለማመድኩ ነው። የማርሚታውን ማኒፎልድ ስፈታ ባለ 8 ቡሎን አሉሚኒየም ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ላይ ተቆረጠብኝ። ከላይ የሚታየው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ምን ላድርግ?» (ተለማማጅ፣ ደሴ ሸዋ በር)

ወንድማችን፣ ከሁሉ በፊት ቀጥታ እሳት ቴስታታው ላይ እንዳታደርግ። ብረት ሲግል ይቀላል፣ ያስጠነቅቅሃል። አሉሚኒየም ግን መልኩን ሳይቀይር ይቀልጣል፤ ንጹሁ በ660 ዲግሪ ገደማ፣ የቴስታታው ቅይጥ ደግሞ ከዚያም በታች። ቡሎኑ እስኪቀላ ልጠብቅ ስትል ቴስታታው ቀልጦ ይወርዳል።

የምንመክርህ ብየዳ ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፍታ፣ አለበለዚያ የመኪናው ኮምፒውተር ሊቃጠል ይችላል። የብየዳውን የመሬት ገመድ ከቴስታታው ቅርብ ቦታ ላይ አስይዝ። አካባቢውን በሽቦ ብሩሽ አጽዳ፣ የነዳጅና የዘይት ርዝራዥ አይኑር። ባለ 10 ዳዶ (ቁልፉ ሳይሆን ቀዳዳው 10 ሚሊ ሜትር የሆነ) ቡሎኑ ላይ አስቀምጥ፤ ባለ 8 ካደረግህ ለኤሌክትሮዱ ቦታ አይበቃም። ባለ 2.5 ኤሌክትሮድ ይዘህ ከዳዶው መሃል፣ ከቡሎኑ ጀምረህ ወደ ላይ ሙላው። ብረት ከአሉሚኒየም ጋር ስለማይበየድ ቴስታታውን ይዞ ይቀራል ብለህ አትስጋ።

ቀጥሎ ያለው ብዙዎች የሚቸኩሉበት ነው። ቅላቱ ሲጠፋ ወዲያው አታዙር። ጥቂት ደቂቃ ጠብቅና ገና ሙቅ እያለ የሻማ ሰም ቡሎኑ ሥር አስነካው፤ ሰሙ ቀልጦ ወደ ጥርሱ ይገባል። ከዚያ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ቀጥሎ ወደ መፍቻው አንቀሳቅሰው። ሩብ ዙር ሲሄድልህ በዚያው አትቀጥል፤ መልሰው፣ እንደገና አምጣው። ሲጮህ ሰም ጨምርለት። ዳዶው ተነቅሎ ከመጣ ሌላ በይድ። ሦስት አራት ዳዶ መፍጀት የተለመደ ነው፣ በየጊዜው የሚደርሰው ሙቀትም ዝገቱን ይሰብረዋል።

ብየዳው ካልሠራ ወደ መብሳት ትሄዳለህ። እዚህ ላይ ሥራውን የሚያበላሸው ቀዳዳው ከመሃል መውጣቱ ነው። አሉሚኒየም ከቡሎኑ ስለሚለሰልስ መሰርሰሪያው ወደዚያ ይንሸራተታል። ስለዚህ ጫፉን በሞረድ ደልድለህ መሃሉን በሹል ነጥብ መምቻ ምታው። በ3 ሚሊ ሜትር ጀምር፣ ቀጥሎ 5፣ በዝግታና ዘይት እያንጠባጠብክ። ወደ ግራ የሚዞር መሰርሰሪያ ካገኘህ ከሁሉ ይሻላል፤ አንዳንዴ እየበሳ ራሱ ቡሎኑን ይዞት ይወጣል።

በገበያ የሚሸጠውን የቡሎን ማውጫ በጉልበት አትጠቀምበት። ብረቱ በጣም ጠንካራ ስለሆነ አይጣመምም፣ ቀጥ ብሎ ይሰበራል። ውስጥ ከተሰበረ ደግሞ ተራ መሰርሰሪያ አይበሳውም፤ አንድ ችግር የነበረህ ሰው ሁለት ይኖርሃል። እምቢ ካለህ አቁምና እስከ 6.8 ሚሊ ሜትር ብሳው። የቀረችው ስስ ቆዳ በመሮ ጫፍ ትነሳለች፣ ጥርሱም ባለ 8 በ1.25 ታፕ (ጥርስ ማውጫ) ይጸዳል። ቀዳዳው ከሳተ ቴስታታውን ቶርኖ ቤት ውሰደው። ሰፋ አድርገው በስተው የብረት ጥቅል ጥርስ፣ ማለትም ሄሊኮይል፣ ያስገቡለታል፤ ከመጀመሪያውም ይጠነክራል።

«ናፍጣ፣ ነጭ ጋዝ፣ ኮካ፣ ደብሊው ዲ 40፤ ለዛገ ቡሎን የትኛው ይሻላል?» (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

ኮካውን ይጠጡት። ደካማ አሲድ ስላለው የላይኛውን ዝገት በብዙ ሰዓት ያነሳል፣ ግን ጥርሱን አያለሰልስም፣ ስኳሩም ይጣበቃል። ናፍጣና ነጭ ጋዝ ይሠራሉ፣ ጊዜ ይፈልጋሉ እንጂ። ደብሊው ዲ 40 ለቀላል ዝገት በቂ ነው። ለጠና ዝገት አሴቶንና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል በእኩል የተቀላቀለው ይበልጣል። ሁለቱ ስለሚለያዩ በየጊዜው ይናጥ፣ ከቀለምና ከጎማ ይራቅ፣ እሳት ባለበት ፈጽሞ አይነካ።

ከፈሳሹ ይልቅ አጠቃቀሙ ይወስናል። መጀመሪያ የሚታየውን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ይጥረጉ፣ ከዚያ ያርሱት። ዳዶውን በመዶሻ ዙሪያውን መታ መታ ያድርጉ፣ ንዝረቱ ፈሳሹን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ማታ አርሰው ጠዋት ይፍቱ። እሳት ካስፈለገ የሚሞቀው ዳዶው ነው እንጂ ቡሎኑ አይደለም፤ የሚሰፋው እሱ እንዲሆን ነው የሚፈለገው። በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ የነካኩትን ቦታ ግን እሳት እንዳያስጠጉ። ክሎሪን ያለባቸው ዓይነቶች ሲሞቁ ገዳይ ጋዝ ይወጣቸዋል።

«ጎሚስታ ቤት በአየር ሽጉጥ ያጠበቁት የቪትዝ ጎማ ዳዶ መንገድ ላይ ጠርዙ ተበላ። እንዴት ይወጣል?» (ደሴ)

መኪናው መሬት ላይ እንዳለ፣ የእጅ ፍሬን ተስቦ፣ ክሪክ ከመግባቱ በፊት ይሞከር። ትክክለኛው መጠን ባለ 21 ነው። ጠርዙ ከተበላ ስድስት ጎን ያለው ባለ 20 ወይም 19 ቡሶላ (ዳዶው ላይ የሚጠልቅ ቁልፍ) በመዶሻ ጠልቆ እስኪይዝ ይመታበትና ይዞራል። አሥራ ሁለት ጎን ያለው ጥጎቹን ብቻ ስለሚነካ የቀረችውንም ጠርዝ ይልጣታል። የወጣው ዳዶ ተመልሶ አይገባም፣ ይጣል።

የቪትዝና የኮሮላ ጎማ ዳዶ የሚጠብቅበት ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ግማሽ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ 21 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው፤ አንድ ሰው በእጁ ይደርስበታል። ጎሚስታው በሽጉጥ አስይዞ በእጅ ቁልፍ እንዲጨርስ ይጠይቁት፣ መብትዎ ነው። የዳዶው ኮን (ሾጣጣው ፊት) ሪሙ ላይ በሚያርፍበት ቦታ ግራሶ አይቀባ።

«ሚኒባሴ በቀን ብዙ ጊዜ ሐረጎን፣ የደሴና የኮምቦልቻን ዳገት፣ ይወጣል ይወርዳል። የፊት ፍሬን አየር ለማውጣት ስንሞክር አየር ማውጫው ቡሎን አልፈታም አለ። በእሳት እናሙቀው?» (የሚኒባስ ባለቤት)

መኪናው ላይ እንዳለ አይሆንም። የካሊፐሩ (የፍሬን ሸራውን የሚጨምቀው ክፍል) ጎማ ይቃጠላል፣ የፍሬን ዘይቱም ፈልቶ ሊረጭና ሊቀጣጠል ይችላል። ከደሴ ኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ነው፤ በዚያ መንገድ ፍሬን ሳያቋርጥ ይግላል፣ ይቀዘቅዛል። የቡሎኑ የጎማ ቆብ ከጠፋ ደግሞ ውሃና አቧራ ገብቶ ውስጡ ይዝጋል።

ይህ ቡሎን ውስጡ ባዶ ስለሆነ በቀላሉ ይቆረጣል። ቀዳዳው ውስጥ ልክ የሚገባ የመሰርሰሪያ ለስላሳ ጭራ ይሰኩበት፣ ሲዞር እንዳይጨመቅ ይይዘዋል። ካሊፐሩን ከቡሎኑ ጎን በመዶሻ ጥቂት ጊዜ ይምቱ፣ ስድስት ጎን ባለው ቡሶላ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ከዚያ ወደ መፍቻው ያዙሩ። ከተቆረጠ ካሊፐሩ ወርዶ ቶርኖ ቤት ይሂድ ወይም ይቀየር። ዘይት እያፈሰሰ ሐረጎን መውረድ ግን በተሳፋሪ ሕይወት መጫወት ነው፤ መኪናው እስኪሠራ ይቁም።

«ከአፍዴራ ጨው እንጭናለን። የባሌስትራ (የቅጠል ሞላ) ማቀፊያ ዩ ቡሎኖች ዳዶ ከጥርሱ ጋር አንድ ሆኗል። ሳይቆረጥ የሚወጣበት ዘዴ አለ?» (የጭነት መኪና ባለቤት፣ ኮምቦልቻ)

ለማዳን አይድከሙ፣ በግራይንደር ይቁረጡት። ጨው የበላው ዩ ቡሎን ቢፈታም ተመልሶ መታሰር የለበትም፤ አንዴ ተለጥጦ ያገለገለ ነው። አራቱንም አዲስ ያድርጉ፣ ጥርሱን ግራሶ ይቀቡ፣ ዳዶዎቹን በመስቀል ቅደም ተከተል በጥቂት በጥቂቱ ያጥብቁ። ጭነት ይዞ የመጀመሪያውን ጉዞ ሲመለስ እንደገና ይጠበቁ፤ የባሌስትራው ቅጠሎች ሲቀመጡ ዳዶው መላላቱ አይቀርም። ከየጉዞው በኋላም ሻሲው ሥር በንጹሕ ውሃ ይታጠብ።