መልስ፦ ካንዴላ ቤት ውስጥ ራሴ መቀየር እችላለሁ?

ወንድሜ፣ ደብረ ማርቆስ ያለችው የድሮ ባለ ካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ኮሮላህ ጠዋት ጠዋት እየተንቀጠቀጠች አስቸግራኛለች ብለሃል። ካንዴላውን፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ዕቃ፣ ራስህ መቀየር ትችላለህ፣ አትፍራ።

መጀመሪያ ሞተሩ በደንብ ይቀዝቅዝ። መንገዳችን አቧራ ነውና ከመፍታትህ በፊት የካንዴላውን ዙሪያ ንፋው፤ አሸዋ ሲሊንደር ውስጥ መግባት የለበትም። ገመዶቹን አንድ በአንድ ንቀል። ባንዴ ከነቀልካቸው ቦታቸው ይምታታብሃል።

አሮጌውን ሳትጥል ጫፉን እየው። ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቶበታል። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚያ ቤንዚን ያበዛል። የአየር ፊልትሮውንም አብረህ እይ፤ በአቧራ ከታፈነ ውጤቱ ያው ነው። ጫፉ በዘይት ከራሰ ግን ካንዴላ መቀየር ብቻውን አይፈታውም፣ መካኒክ ያስፈልግሃል።

አዲሱን እስኪቀመጥ ድረስ በእጅህ ብቻ አዙረው። እምቢ ካለ አታስገድደው፣ አውጥተህ እንደገና ጀምር። ቀለበት ያለው አዲስ ካንዴላ ከሆነ ከዚያ በኋላ በቁልፍ ግማሽ ዙር ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ ይበቃዋል። እባክህ እዚህ ላይ አትቸኩል። የአሉሚኒየም ቴስታታ (ካንዴላው የሚገባበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጥርስ አንዴ ከተበላ ወጪው ከካንዴላው ብዙ እጥፍ ነው።