ይቀላቀላል፣ ይደባለቃል ወይስ ይዋሐዳል?

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ የማስታወቂያ ሰሌዳ እጽፋለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ልጆችን ሥዕል አስተምራለሁ። ሰማያዊና ቢጫ አረንጓዴ ሲሆኑ «ተዋሐዱ» እላለሁ። የአንዱ ተማሪ አባት ግን «ተደባለቁ ነው የሚባለው» ብለው አረሙኝ። ማንኛችን ልክ ነን?

መልስ፦ ሁለታችሁም ስታችኋል፤ እርስዎ ግን በዛ አድርገው።

«መደባለቅ» ነገሮቹ ማንነታቸውን ሳይለቁ አንድ ቦታ ሲገናኙ ነው። ሽንብራና ባቄላ ቢደባለቁ ትዕግሥት ያለው ሰው ለቅሞ ይለያቸዋል። ድሩ ቀይ፣ ማጉ ቢጫ የሆነ ጨርቅ ከሩቅ ብርቱካናማ ይመስላል፤ ቀርበው ክሩን ቢመዙት ግን ቀዩ ያው ቀይ፣ ቢጫውም ያው ቢጫ ነው። አባትየው ያሉት ለዚህ ጨርቅ ይሆናል።

«መዋሐድ» አንድ መሆን ነው። ቃሉን አጥብቀው የያዙት የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ግን አንድነቱ ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ እንደሆነ ያስተምራሉ። መቀላቀልን፣ በግእዙ ቱሳሔን፣ ለማስረዳት ደግሞ ማርና ውሃን ይጠቅሳሉ፦ ሁለቱ ሲገናኙ ብርዝ ይሆናሉ፤ ብርዝ ማርም አይደለም፣ ውሃም አይደለም። የእርስዎ አረንጓዴ እንግዲህ ብርዝ ነው። ሰማያዊው ቀለም ከብርሃኑ ቀዩን ይውጣል፤ ቢጫው ሰማያዊውን ይውጣል፤ ከሁለቱም አፍ የተረፈው አረንጓዴ ብቻ ወደ ዓይን ይመለሳል። ስለዚህ «ተቀላቀሉ» ይበሉ። («በረዝኩት» ግን አይበሉ፤ ቃሉ ዛሬ ስሙ ስለጠፋ ደንበኛዎ ቀለሙን ውሃ ያበዙበት ይመስለዋል።)

መብራት ሌላ ነው። ቀይና አረንጓዴ መብራት አንድ ነጭ ግድግዳ ላይ ቢያርፉ ቢጫ ይታያል። እዚያ የሚዋጥ የለም፤ ብርሃን በብርሃን ላይ ይጨመራልና «ተደረቡ» ቢሉ እኔ አልቃወምም።

የዱቄት ቀለም በውሃ ይበጠበጣል፣ ክር ይነከርበታል፤ በዚህ ክርክር የለም።

ልጆቹ በአረንጓዴው ላይ ቀይ ሲያበዙበት የሚመጣውን ጭቃ መሳይ ቀለም «ቆሸሸ» ከማለት «ደፈረሰ» ማለት ይሻላል፤ ከወንዝ የተወሰደ ቃል ነው፣ ልጆቹም ያውቁታል። ቀይ ሁልጊዜ ያበላሻል ማለት ግን አይደለም። የጦሳን ጋራ ከጣሳ በቀጥታ በወጣ አረንጓዴ የሳለ ሰው ተራራ ሳይሆን የተቀባ በር ነው የሚያወጣው። ጠብታ ቀይ ጣል ያድርጉበት፤ ያን ጊዜ አረንጓዴው «ደፈረሰ» አይባልም፤ «በረደ» ይባላል።