የታይገሩ ቤት በሩ የት ነው?

ከዚሁ ከጅማ፣ ከቂጦ ፉርዲሳ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ደብዳቤህንና ከሥሩ ያያያዝከውን ፕላን በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ተመልክቻለሁ። ጉዳይህ ለሌሎች አንባቢዎችም ግልጽ እንዲሆን ባጭሩ ላስቀምጠው፤ በሲቪል ምህንድስና ከተመረቅህ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖሃል፤ በየሥራ ተቋራጩ ቢሮ ተመላልሰህ ከሁለት ወር የሳይት ቁጥጥር በቀር ያገኘኸው ሥራ የለም፤ ልብህ ግን ከልጅነትህ ጀምሮ እንስሳት ዘንድ ስለሆነ፣ ውጭ አገር በሚገኝ አንድ የመካነ እንስሳት ነዳፊዎች ቢሮ ለልምምድ ለማመልከት ብለህ የታይገር ቅጥር ነድፈሃል። የምትጠይቀኝም ፕላኑ ለማመልከቻ ይበቃ እንደሆነ፣ አጎትህ የሰጡህን 45,000 ብር ለሦስት ወር የስሪዲ (በኮምፒውተር ባለ ሦስት ገጽታ ሥዕል የመሥራት) ሥልጠና ታውለው እንደሆነ፣ እንግሊዝኛህ እንዳያሳፍርህ ምን እንደምታደርግ፣ እንዲሁም «ድልድይ ትሠራለህ ብዬ ነው ያስተማርኩህ፣ ለአውሬ ቤት ልትሠራ አይደለም» የሚሉህን አባትህን ምን ብለህ እንደምታሳምናቸው ነው።

አብዛኛው መልሴ በፕላኑ ላይ ያልቃል። የፊተኛው ገጽ ያማረ ነው፤ ፏፏቴው፣ ቀርከሃው፣ 12 ሜትር የሚረዝመው መስታወት፣ ከመስታወቱ ፊት ልጁን ትከሻው ላይ ያስቀመጠው አባት፣ ሁሉም በእጅ የሚዳሰሱ ይመስላሉ። እኔ ሦስት ጊዜ ያገላበጥኩት ግን በሩን ፈልጌ ነው። ሥጋ የያዘው ተንከባካቢ በየት በኩል እንደሚገባ፣ እሱ ሲገባ ታይገሩ የት እንደሚዘጋበት፣ ታይገሩ ቢታመም ሐኪሙ የት ቆሞ መርፌ እንደሚወጋው የሚያሳይ አንድ መስመር አላገኘሁም። ያገኘሁት በኋላው ግድግዳ ላይ ያለ ባለ 90 ሴንቲሜትር አንድ በር ነው፤ ወደ ውጭ ይከፈታል፤ ከበሩ ቀጥሎ ደግሞ የመኪና ማቆሚያ ተነድፏል።

ወደ ውጭ የሚከፈት በር ምን እንደሚያደርግ በራሴ ገላ አውቀዋለሁ። ከግብርና ትምህርት ቤት እንደወጣሁ የመጀመሪያ ሥራዬ እዚሁ ጅማ ዙሪያ በአንድ የወተት ከብት እርባታ በረት መጥረግና ከብት ማስገባት ማስወጣት ነበር። አንድ ማለዳ የኮርማውን በረት መቀርቀሪያ ገና ከማንሣቴ ኮርማው በሩን በግንባሩ ገፋው፤ በሩም የሚከፈተው ወደ እኔ ስለነበር ከግንቡ ጋር አጣብቆ ያዘኝ። ከዚያ ወዲህ የግራ ክንዴ ከትከሻዬ በላይ አይነሣም። በረቱን የነደፈው ሰው የተማረ መሐንዲስ ነበር፤ ኮርማ በረት አስገብቶ ግን አያውቅም። ተንከባካቢው የሚገባበት በር ወደ እንስሳው በኩል ነው መከፈት ያለበት፤ እንስሳው ሲገፋው በገዛ ክብደቱ ይዘጋዋልና። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ክፍል ውስጥ ያስተማረኝ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ጥሩ የታይገር ቅጥር የሚጀምረው ከኋላ ነው። እያንዳንዱ ታይገር የራሱ የሌሊት ማደሪያ ያስፈልገዋል፤ ታይገር እንደ አንበሳ በመንጋ የሚኖር ስላልሆነም ወንዱን ከሴቲቱ፣ እናቲቱን ካደጉት ልጆቿ ለመለየት የሚያስችል ትርፍ ክፍል የግድ ነው። ማደሪያዎቹ እርስ በርሳቸውና ከሜዳው ጋር በተንሸራታች በሮች ይገናኛሉ፤ በሮቹን ተንከባካቢው ከመተላለፊያው ሆኖ በገመድ ወይም በዘንግ እየሳበ ይከፍታቸዋል፣ ይዘጋቸዋል፤ ከቆመበት ሳይነቃነቅም እያንዳንዱን ክፍል እስከ ጥጉ ድረስ ማየት መቻል አለበት፤ ምክንያቱም የዚህ ሥራ ትልቁ ሕግ ታይገሮቹን አንድ በአንድ ሳይቆጥሩ፣ በራቸውን ሳይዘጉና ጓጉንቸሩን ሳይቆልፉ ወደ ሜዳው አለመግባት ነው። ከመተላለፊያው ወደ ውጭ የሚያወጣው መንገድ ሁለት በሮች ይኖሩታል፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። ከማደሪያዎቹ በአንዱ ግድግዳው ተገፍቶ የሚጠብ ክፍል ይሠራል፤ እኛ ከብት ስንከትብ ክራሽ ከምንለው ጠባብ መተላለፊያ ጋር ሐሳቡ አንድ ነው፤ ሐኪሙ እንስሳውን በማደንዘዣ ሳያስተኛ ደም እንዲቀዳና መርፌ እንዲወጋ ያስችለዋል፤ ከወለሉ ሥር ሚዛን ቢቀበርበት ደግሞ ክብደቱን በየሳምንቱ ታውቃለህ። የመረቡ ቀዳዳ መዳፍ የሚያሳልፍ መሆን የለበትም።

ማጋነን እንዳይመስልህ አንድ በሰፊው የሚታወቅ ጉዳይ ላንሣ። በሳን ፍራንሲስኮ መካነ እንስሳት ታቲያና የተባለች ታይገር በዲሴምበር 2006 እ.ኤ.አ.፣ ጎብኚ በሚያይበት የመመገቢያ ሰዓት፣ የተንከባካቢዋን ክንድ በፍርግርጉ በኩል ይዛ ክፉኛ ጎዳቻት። በዓመቱ፣ በፈረንጆች ገና ዕለት 2007፣ ይህችው ታይገር ከቅጥሯ ወጥታ አንድ ወጣት ገደለች፣ ሁለት አቆሰለች፤ እሷም በፖሊስ ተኩስ ሞተች። ታይገሯን ከጎብኚው የሚለየው የቦይ ግድግዳ ቁመት መጀመሪያ 5.5 ሜትር ያህል ነው ተብሎ ነበር፤ ሲለካ ግን 3.8 ሜትር ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ የአሜሪካ መካነ እንስሳት ማኅበር መመሪያ የሚለው ደግሞ 5 ሜትር ነበር። ቅጥሩ ከ1940 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆመ ነው፤ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ሜትር ይዞ ወደ ቦዩ የወረደ ሰው ቢኖር ኖሮ ያ ቁጥር ቀድሞ ይታወቅ ነበር። አንተ በሴክሽንህ፣ ማለትም ቅጥሩን ከጎን ቆርጦ ቁመቱን በሚያሳየው ሥዕል ላይ፣ ለአጥሩ 4 ሜትር ብለህ ጽፈሃል፤ አናቱም ወደ ውስጥ አልታጠፈም።

ቁጥሩን ከየት እንዳመጣኸው እገምታለሁ። በፕላንህ ራስጌ ላይ «የነብር ቅጥር» ብለሃል፤ የነደፍከው እንስሳ ግን ባለ መስመሩ የእስያ ታይገር ነው። ቋንቋችን ሁለቱንም ነብር ማለት ስለሚቀናው ስህተቱ የአንተ ብቻ አይደለም፤ ለነዳፊ ግን ልዩነቱ የሞትና የሕይወት ነው። በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን የሚኖረው ዝንጉርጉሩ ነብር ያደነውን ጎትቶ ዛፍ ላይ የሚሰቅል፣ መውጣት የሚችልበት እንስሳ ነው፤ ለእሱ የሚሠራ ቅጥር ከላይም በመረብ ይሸፈናል። ታይገር ከባድ ስለሆነ እንደ እሱ አይወጣም፤ ነገር ግን ይዘላል፣ ይዋኛል። ስለዚህ ቁመቱ በቂ የሆነና አናቱ ወደ ውስጥ የታጠፈ አጥር እስካለው ድረስ ሰማዩን ክፍት መተው ይቻላል። መጀመሪያ የእንስሳውን ስም አጥራ።

በደብዳቤህ «ፍርግርግ እስር ቤት ያስመስላል» ያልከው አዲስ ሐሳብ አይደለም። ካርል ሃገንቤክ በ1907 እ.ኤ.አ. ሃምቡርግ አጠገብ ስቴሊንገን ላይ በከፈተው መካነ እንስሳት ፍርግርጉን በቦይ ተክቶት ነበር። ቦዩ የጎብኚውን ዓይን ያሳርፋል፤ ለታይገሩ ግን ከሜዳው የተቆረሰ መሬት ነው። አንተ ከሰጠኸው 600 ካሬ ሜትር ውስጥ ሩቡን ቦይ በልቶታል።

ስለ ስፋቱም ቢሆን ራሳችንን አናታልል። ኔፓል ውስጥ በቺትዋን የምትኖር ሴት ታይገር ወደ 20 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ በሩስያ ሩቅ ምሥራቅ የምትኖረው ደግሞ ወደ 400 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ግዛት ታካልላለች። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ እንዳሳዩት፣ በዱር ሰፊ ግዛት የሚያካልሉ ሥጋ በል እንስሳት ሲታጎሩ ካለ ዓላማ ወዲያና ወዲህ መመላለስ ይበዛባቸዋል። በካሬ ሜትር የምንሞላው ጉድለት ስላልሆነ፣ የባዝልንና የዙሪክን መካነ እንስሳት የመራው ስዊዘርላንዳዊው ሃይኒ ሄዲገር አጥብቆ ይናገርለት የነበረው የቦታው ጥራት ነው። ጥራት ማለት ደግሞ ታይገሩ ከሰው ዓይንና ከሌላው ታይገር ዓይን የሚሸሸግበት ጥግ፣ ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚቃኝበት ቆጥ፣ በኋላ እግሩ ቆሞ የሚቧጥጠው ወፍራም ግንድ፣ ከሲሚንቶ ይልቅ አፈርና ሣር፣ እንዲሁም ዳር ዳሩ ቀስ እያለ የሚጠልቅ ኩሬ ማለት ነው። የአንተ ኩሬ ግድግዳው ቀጥ ያለ ስለሆነ ግልገል ቢገባበት መውጫ የለውም። ጎብኚውንም በሦስት ወገን አቁመሃል፤ በአንድ ወገን ይበቃል። ምግቡን በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት ከመስጠት ይልቅ ተንከባካቢው ሥጋውን የሚሸሽግባቸውን አምስት ስድስት ቦታዎች አስቀድመህ ብትነድፍለት፣ ታይገሩ ሲመላለስ በመስታወቱ ሥር ሣሩ አልቆ የሚወጣውን የእግር መንገድ ታሳጥረዋለህ። ዝናቡንስ? ክረምቱን ጅማ ያሳለፈ ሰው የሜዳውን ውኃ ወደ ማደሪያው በር አዘንብሎ ማየቴ በጣም አስገርሞኛል።

ስለዚህ ለስሪዲ ሥልጠናው አትክፈል። የፊተኛውን ገጽ የሚያሳምር ሰው የምታመለክትበት ቢሮ አያጣም፤ የጎደለህ የኋላው ገጽ ነው፤ እሱን ደግሞ መጥረጊያ ይዞ እንጂ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የተማረው ሰው አላየሁም። አጎትህ የሰጡህን ገንዘብ የስድስት ወር ስንቅ አድርገውና በሆለታ አቅራቢያ የሚገኘውን፣ ከሕገ ወጥ ይዞታ የዳኑ አንበሶችና አቦሸማኔዎች የሚኖሩበትን እንሰሳ ኮቴን፣ ከዚያም በስድስት ኪሎ ያለውን የአንበሳ ግቢና በ2012 ዓ.ም. የተከፈተውን አንድነት ፓርክ በነፃ ላገልግል ብለህ ጠይቅ። ሦስቱም እምቢ ቢሉህ እዚሁ በዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ክፍል ከብት የሚይዙትን ሰዎች ተጠግተህ ዋል። በየቀኑ ማን በየትኛው በር እንደገባ፣ የትኛው መቀርቀሪያ እንደዛገ፣ የትኛው ጥግ እንደማይታይ ደብተርህ ላይ አስፍር። ያ ደብተር ከማንኛውም ሥዕል ይልቅ ለማመልከቻህ ክብደት ይሰጠዋል።

አንድ ነገር ግን ሳልሸፍን ልንገርህ፤ በአፍሪካ ዱር ታይገር የለም፤ በአገራችንም የታይገር ቅጥር በመንደፍ ብቻ እንጀራ አይበላም። የቁም ከብት ማቆያ፣ የቄራ መግቢያ፣ የዶሮ ቤት፣ የተያዙ የዱር እንስሳት ማገገሚያ ግን ይሠራሉ፤ አብዛኞቹም በር የማያውቅ ሰው የነደፋቸው ናቸው። እኔ ከበረት ጥርጊያ ተነሥቼ ለአሥራ አንድ ዓመት የበረት ግንባታ ስቆጣጠር ኖሬያለሁ፤ ቤተሰቤም ጾም አላደረም።

ወደ አባትህ ልምጣ። አባትህን አከብራለሁ፤ ነገር ግን የሚጠብቅህ ድልድይ ቢኖር ኖሮ ዓመት ከመንፈቅ ቤት አትቀመጥም ነበር። የታናሽ እኅትህ የኮሌጅ ክፍያ አንተን እንደሚጠብቅም ጽፈሃል። በአጋሮ ሁለት የቡና መፈልፈያ ያላቸው አባት ሥራ ከሌለው ልጃቸው የእኅቱን ክፍያ መጠበቃቸው የአቅም ጉዳይ ነው ብዬ አልቀበልም፤ አንተን ወደ መፈልፈያው ለመመለስ የተጠመደ ገመድ ይመስለኛል። በክርክር አትረታቸውም። ስድስት ወር ብቻ ስጡኝ በል፣ ቀኑን ቆርጠህ ንገራቸው፣ በዚያም ጊዜ ከእሳቸው ኪስ አንድ ብር አትቀበል። እንግሊዝኛህን በተመለከተ፣ ከፕላኑ ጎን የጻፍካቸውን ማስታወሻዎች አንብቤአቸዋለሁ፤ ለዚህ ሥራ ይበቃሉ።

የማመልከቻው ቀን ኅዳር 20 ነው ብለሃል። ሆለታ ለመውረድ ጊዜው ባይደርስልህም ፕላኑን ለማረም ይደርሳል። የፊተኛውን ገጽ ከአጥሩ ቁመት፣ ከኩሬውና ከውኃው ተዳፋት በቀር እንዳለ ተወው። የኋላውን ግን በአዲስ ወረቀት ጀምረው፤ እያንዳንዱ በር ወደየት እንደሚከፈት በቀስት፣ ጓጉንቸሮቹን በቁጥር፣ ተንከባካቢው ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ሲገባ የሚረግጠውን መንገድ ደግሞ በነጠብጣብ መስመር አሳይና ከጥቅምት ማለቂያ በፊት እሱን ብቻ ላክልኝ።