የአንባቢያን ጥያቄ፦ በመጨረሻው ቅጽ ማን ይሙት?

ጥያቄ፦ ባለ ሦስት ቅጽ ጨለማ ፋንታሲ (አስማት ያለበት፣ ጭካኔ የበዛበት ምናባዊ ዓለም) ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ሁለቱ ቅጾች ደም በደም ናቸው። በመጨረሻው ላይ አንባቢ እንዲደነግጥ ዋና ዋናዎቹን ገጸ ባሕርያት ልጨርሳቸው አስቤያለሁ። ያስኬዳል?

መልስ፦ የሞት ብዛት አያስደነግጥም። ሁለት ቅጽ ሙሉ ሬሳ የለመደ አንባቢ፣ በሦስተኛው አምስት ሰው በአንድ ምዕራፍ ቢወድቅ ገጹን ገልጦ ያልፋል። የሚከብደው ሟቹ ሳይፈጽም የተወው ነገር ነው።

ስለዚህ ማንንም ከመግደልዎ በፊት የመጀመሪያውን ቅጽ የሌላ ሰው ድርሰት እንደሆነ አድርገው ያንብቡት። ደብተር ላይ አራት ዓምድ ያስምሩ፦ ማን ምን ማለ ወይም ተመኘ፤ በየትኛው ምዕራፍ፤ ማን ሰማው፤ የት ይቋጫል። አራተኛው ዓምድ ባዶ የሆነበት ሰው ሊሞት የሚችለው መሐላውን የሚረከብ ሲኖር ብቻ ነው። የወንድሙን ደም ሊመልስ የማለ ሰው በተራ ቀስት ቢወድቅ ለዚህ ዓይነቱ ልቦለድ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ያምርበታል። ነገር ግን ቂሙ ልጁ ወይም ባላንጣው እጅ ላይ መውደቅ አለበት። ያለዚያ አንባቢ ደራሲው የረሳው ይመስለዋል።

ከሞት ይልቅ የአካል ጉዳት ብዙ ይሠራል፤ ጀማሪዎች ግን ይዘሉታል። በሁለተኛው ቅጽ ቀኝ እጁ የተቆረጠ ተዋጊ ፈረስ ላይ እንዴት ይወጣል? ሌላው ሰው በግራ እጁ ልጓሙንና ጋማውን ጨብጦ፣ ግራ እግሩን እርካብ ውስጥ ከትቶ፣ በቀኙ የኮርቻውን ጀርባ ይዞ ይነሳል። እሱ ወይ ድንጋይ ፈልጎ ይወጣል፣ ወይ ትናንት ሲያዝዘው የነበረውን ወታደር «ደግፈኝ» ይላል። ሰይፉን በግራው ከያዘ ጋሻው በተቆረጠው ክንዱ ላይ በጠፍር ይታሰራል፤ ጠፍሩን የሚያጠብቅለትም ሌላ ሰው ነው። ይህ አንድ አንቀጽ አሥር የተቀላ አንገት የማይሰጠውን ክብደት ይሰጣል።

ጥያቄ፦ ረቂቁን ያነበቡልኝ ሰዎች የመጨረሻውን ጦርነት «አይታመንም» አሉት። ምን ጎደለው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ስንቅና ጊዜ ነው። ጓዝ የያዘ እግረኛ ጦር በቀን ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ ነው፤ 300 ኪሎ ሜትር በአራት ቀን ከደረሰ መቼቱ ፈረሰ። አንድ ፈረስ በቀን 10 ኪሎ ገደማ ድርቆሽና እህል፣ 30 ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል። አምስት ሺህ ፈረስ ማለት በየቀኑ 50 ቶን መኖ ነው። ከበባው ሁለት ወር ከፈጀ ይህ ሁሉ ከየት መጣ? መልሱ ራሱ ትዕይንት ይሆንልዎታል፦ የተዘረፈ መንደር፣ የታረደ ፈረስ፣ ሌሊት የሚከዳ ወታደር።

ቁስልም የራሱ ሰዓት አለው። የጭን ደም ቅዳ የተቆረጠበት ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል፤ ረጅም ኑዛዜ አይናገርም። ሆዱን የተወጋው ግን ቁስሉ አመርቅዞ ቀናት ሊያቃስት ይችላል፤ ኑዛዜ ካስፈለገዎት ለእሱ ይስጡት። የተሰበረ ክንድ ለመግጠም ስድስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

አስማትንም ይመርምሩ። ጦርነቱን የሚቋጨው ኃይል በመጀመሪያው ቅጽ ንግር (አስቀድሞ የተጣለ ፍንጭ) ከሌለው፣ ዋጋውም እዚያው ካልታየ፣ ያውጡት።

ጥያቄ፦ ረቂቁ 300 ሺህ ቃል ደረሰ። ለሁለት ልክፈለው?

መልስ፦ ሁለት ጡዘት (ታሪኩ ጫፍ የሚደርስበት ቦታ) ካለው ይክፈሉት። «ዘ ዊል ኦፍ ታይም» የተባለው ተከታታይ ደራሲ ሮበርት ጆርዳን እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሞት የታቀደው አንድ የመጨረሻ ቅጽ ነበር። ሌላው ደራሲ ብራንደን ሳንደርሰን ከጆርዳን ማስታወሻዎች ተነስቶ ሲጨርሰው በ2009፣ በ2010 እና በ2013 የወጡ ሦስት ቅጾች ሆነ። የእርስዎ ረቂቅ መሐል ላይ የማይመለስ ነገር፣ ለምሳሌ የከተማ መውደቅ ወይም የንጉሥ መሞት፣ ከሌለው ግን አይቁረጡት። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ሁለት ገጸ ባሕርያትን አንድ ያድርጉ፤ የጉዞ ምዕራፎችንም ያሳጥሩ።

ጥያቄ፦ ያለፉትን ቅጾች የረሳ አንባቢን እንዴት ላስታውሰው?

መልስ፦ ከመጀመሪያው ምዕራፍ በፊት ከሁለት ገጽ ያልበለጠ ማስታወሻ ያስገቡ፤ በዚህ ቅጽ የሚያስፈልገው ብቻ ይኑርበት። ገጸ ባሕርያትዎ «እንደምታውቀው» እያሉ የሚያውቁትን እንዲነጋገሩ አያድርጉ።