ሥጋ ላይ የሚያገጥጥ ውሻ

ኮምቦልቻ የሚኖሩ አንዲት እናት ስለ ውሻቸው ስለ ቦቢ ጽፈውልኛል። ቦቢ ሦስት ዓመቱ ነው፣ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ያደገው በእንጀራ ፍርፋሪና በመረቅ ነው። ፀጉሩ እንዲያምርለት ወደ ጥሬ ሥጋ ሊያዞሩት አስበው ሥጋ የያዘ አጥንት ቢጥሉለት፣ አጠገቡ ባለፈው የሰባት ዓመት ልጃቸው ላይ አጉረመረመ፤ አገጠጠም። «ጥሬ ሥጋ አውሬ አደረገብኝ ወይ?» ነው ጥያቄያቸው።

ከሁሉ በፊት፣ ጥርሱ የልጁን ቆዳ በጥቂቱም ቢሆን ጭሮት ከሆነ ቦታውን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ አጥበው ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ቀናት ቢያልፉም ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከወጣ በኋላ መድኃኒት የለውም።

ካልነካው አብሽሩ፤ ሥጋ ውሻን አውሬ አያደርግም። ቦቢ ፍርፋሪውን የሚቀማው እንደሌለ ያውቃል። አጥንት ግን በዓውደ ዓመት ብቻ የሚያገኘው ሀብቱ ስለሆነ፣ የቀረበው ሁሉ ቀማኛ ይመስለዋል። «ጌታው ማን እንደሆነ ይወቅ» ብለው ሳህኑን የሚነጥቁ ሰዎች ፍርሃቱን እውነት ያደርጉበታል። ስላጉረመረመም አይምቱት። ማስጠንቀቂያው እሱ ነው፤ በዱላ ካስተዉት ሌላ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል።

ስለዚህ ምግቡን ለመቀየር አይቸኩሉ። አጥንት ለጊዜው ይቅር፤ የተከተፈ ሥጋ በሁለት ደቂቃ ያልቃል፣ አጥንት ግን ግማሽ ቀን ዘብ ያስቆመዋል። በር ተዘግቶ ብቻውን ይብላ፤ ልጁ እዚያ አይድረስ። ልምምዱን የሚሠሩት እርስዎ ነዎት። የለመደውን ፍርፋሪ ሰጥተውት ራቅ ብለው ይቁሙ፤ አንገቱን ሳያደርቅና ሳይጣደፍ የሚበላው ስንት እርምጃ ሲርቁ እንደሆነ ያስተውሉ። በዚያው ርቀት ሲያልፉ አንድ ቁራጭ የተቀቀለ ሥጋ ወደ ሳህኑ ወርውረው ሳይቆሙ ይሂዱ። ኮቴዎን ሲሰማ ጭራውን እየቆላ ቀና ማለት ሲጀምር ግማሽ እርምጃ ይጠጉ፤ ከደረቀ ይመለሱ። ሳምንታት ይወስዳል፤ ይታገሡት።

በሥጋው በኩል እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሳንባና ጉበት ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ለፋሲካና ለአረፋ ግቢ ውስጥ ሲታረድ ውሃ የቋጠረው ሳንባ ለውሻ ይወረወራል። ውሃውን በቋጠረው ከረጢት ውስጥ ያለው የውሻ ኮሶ ነው። እኛ ከጥሬ ሥጋ የምንይዘው ኮሶ ሌላ ነው። ይህኛው ትል ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ባለቤቱ አያየውም፤ እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ይወጣል፣ ፀጉሩም ላይ ይጣበቃል። ልጅ ውሻውን ደባብሶ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ይገባበታል፤ ከዓመታት በኋላም ያው ውሃ የቋጠረ ከረጢት በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ያድጋል። ስለዚህ የሆድ ዕቃ ለቦቢ ጥሬውን ፈጽሞ አይስጡ። ከረጢት ያለበትን ያቃጥሉት ወይም በጥልቅ ይቅበሩት፤ ደህናውንም 40 ደቂቃ ያፍሉት። ፕራዚኳንቴል የሚባለው የኮሶ መድኃኒት በክብደቱ ልክ በየስድስት ሳምንቱ ይሰጠው።

ጥሬ ቀይ ሥጋ ራሱ ሳልሞኔላ ከሚባለው የተቅማጥ ተህዋሲ አያመልጥም፤ በረዶ ቤት ማስቀመጥም አይገድለውም። ልጅ ባለበት ቤት እኔ ብሆን ቀቅዬ እሰጠው ነበር። ፀጉሩን የሚያሳምረው ሥጋው እንጂ ጥሬነቱ አይደለም። በአንድ ማንኪያ ጀምረው በ10 ቀን ውስጥ እያበዙ ይሂዱ። ዋና ምግቡ ሥጋ ሲሆን በቀን ግማሽ ኪሎ ገደማ ይበቃዋል፤ ከዚያ ውስጥ ጉበት ከ25 ግራም አይለፍ። አጥንት ስለሌለበት ግማሽ የሻይ ማንኪያ የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት ይጨምሩበት፤ ያለ ካልሲየም አጥንቱ ይደክማል።

በኮምቦልቻ ሙቀት የተረፈ ሥጋ ሳህን ላይ አያድርም። ሆኖም ቦቢ እያየ ሳህኑን አያንሱ። አንድ ቁራጭ ከበሩ ውጭ ይጣሉለት፤ ሲወጣ በሩን ይዝጉ፤ ከዚያ ሳህኑን አንስተው በሳሙና ይጠቡት።